ያነሳው ዋንጫ፣ ያስቀመጠው ዋንጫ

ሜይ 3 ቀን 1998፣ ሰሜን ለንደን፣ ሃይበሪ ስታዲየም። አርሰናል ኤቨርተንን 3 ለ 0 እየመራ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ የቀሩት ደቂቃዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ ባለቤት ታውቋል፤ ደጋፊው ቆሞ ይዘምራል። ተቀይሮ የገባው ስቲቭ ቦልድ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ ቀና ሲል ከፊቱ እየሮጠ ያለው አጥቂ አይደለም። የ31 ዓመቱ መሃል ተከላካይና አምበል ቶኒ አዳምስ ነው። ቦልድ ኳሷን በኤቨርተን ተከላካዮች አናት ላይ አሻገረለት። አዳምስ በደረቱ አብርዶ ዕድሜ ልኩን አጥቂ የነበረ ይመስል በግራ እግሩ ለጋት። አራተኛ ጎል።

ይህን ጎል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ሁልጊዜ ደጋግሜ የምመለሰው ግን ወደ ምቱ ሳይሆን ከምቱ በኋላ ወዳሉት ሰከንዶች ነው። አዳምስ ወደ ማዕዘን አልሮጠም፣ አልተንበረከከም፣ አልጮኸም። ቆመ። ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ፊቱን ወደ ፀሐዩ ቀና አደረገ። ጓደኞቹ እስኪደርሱበት ድረስ እንደዚያው ነው።

ከዚያ ቀን ሃያ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ይኸው ሰው በልምምድ ቦታ የቡድን ጓደኞቹን ሰብስቦ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን ነግሯቸዋል። ያንን ሳያውቁ ይህን ጎል ማየት ግማሹን ብቻ እንደ ማየት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የአርሰናልን ማሊያ የለበሰ ወጣት ሳያጋጥም ውሎ የሚገባ ሰው ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን ግን ቡድኑን የምናስታውሰው ከቲየሪ ሄንሪ ጀምሮ፣ በተለይም በ2003–04 የውድድር ዘመን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ከጨረሰው ቡድን ወዲህ ነው። አዳምስ ጫማውን የሰቀለው ያ ዘመን ሊጀምር አንድ ዓመት ሲቀረው በ2002 ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ ስሙን ያውቁታል፤ ሰውየውን ግን ብዙም አያውቁትም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦክቶበር 10 ቀን 1966 ተወለደ፤ እንግሊዝ ብቸኛዋን የዓለም ዋንጫዋን ባነሳች በሦስተኛው ወር ማለት ነው። ያደገው በምሥራቅ ለንደን ዳገናም፣ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ባለበት የሠራተኞች ሰፈር ነው። አርሰናል በ1980 ገና ተማሪ ሳለ አስፈረመው። ኖቬምበር 5 ቀን 1983፣ በ17 ዓመቱ፣ ከሰንደርላንድ ጋር ሃይበሪ ላይ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። አጀማመሩ አላማረለትም፤ ጨዋታው እንደ ተጀመረ ኳስ ተነጠቀ፤ አርሰናልም 2 ለ 1 ተሸነፈ። ረጅም ነበር፣ ጉልበት ነበረው፣ በቴስታ የሚያክለው ጥቂት ነበር። ፍጥነት ግን አልተሰጠውም፤ ይህንንም ከማንም በፊት እሱ ራሱ ያውቅ ነበር።

በ1986 ጆርጅ ግራሃም አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። አምበልነቱን ለአዳምስ የሰጠው በጃንዋሪ 1988፣ ልጁ ገና 21 ዓመቱ ሳለ ነው። አዳምስ ጫማውን እስኪሰቅል ከ14 ዓመት በላይ የአምበልነቱ ጨርቅ ከክንዱ አልወረደም። ግራሃም ናይጄል ዊንተርበርንን ከዊምብልደን፣ ሊ ዲክሰንንና ስቲቭ ቦልድን ከስቶክ ሲቲ አመጣ። በኋላ ዴቪድ ሲማን በረኛ ሆኖ ገባ፤ ማርቲን ኪዮውን ተመለሰ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ ለአሥር ዓመት ያህል እንደ ግንብ የቆመው መስመር ይኸው ነው።

ስለ ግንቡ አሠራር ትንሽ ላውራ፤ የአዳምስ ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

በድንጋይ ጎል ሠርተን በምንጫወትበት የሰፈር ሜዳ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ጎል ስር ይቆምና ኳስ ይጠብቃል፤ ማንም አይከለክለውም። በትልቁ ሜዳ ግን ኳስ ሲሻገር አጥቂው ከፊቱ ቢያንስ ሁለት ተጋጣሚ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ በረኛው ነው። ስለዚህ አራት ተከላካዮች በአንድ መስመር ቆመው፣ ተጋጣሚ ኳሷን ሊያሻግር እግሩን ባነሳባት ቅጽበት እኩል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከወጡ አጥቂው ከኋላቸው ተጋልጦ ይቀራል። አንዱ ግማሽ እርምጃ ቢዘገይ ግን የሦስቱ ልፋት ገደል ይገባል፤ አጥቂው ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ይገናኛል። ግራሃም አራቱን ገመድ እያስያዘ ያሠለጥናቸው እንደነበር ይነገራል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲጎተት። ሲወጡ የሚወጡት፣ ሲመለሱም የሚመለሱት በአዳምስ ድምፅ ነበር። ከዚያም ቀኝ እጁ ወደ ላይ ይነሳል፤ ፊቱ ወደ መስመር ዳኛው ይዞራል። ያ የተነሳ እጅ የአርሰናል ምልክት እስኪመስል ድረስ ተጋጣሚ ደጋፊዎች ይሳለቁበት ነበር።

ፍጥነት የሌለው ሰው ለምን ይህን መረጠ? ከአጥቂ ጋር ወደ ኋላ ከሮጠ ይሸነፋል። ሩጫው ሳይጀመር በእርምጃና በድምፅ ካስቆመው ግን መሮጥ አያስፈልገውም። በ1990 የበጋ ወቅት ሕጉ ተለወጠ፤ እስከዚያ ድረስ ከተከላካዩ እኩል የቆመ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እኩል መቆም ተፈቀደ። ወጥመዱ ያበቃለት መስሎ ነበር። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን አርሰናል በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 18 ጎል ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ክብር በፊት ግን ውርደት ነበር። በ1988ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ዱሰልዶርፍ ላይ የኔዘርላንዱ ማርኮ ቫን ባስተን እንግሊዝ ላይ ሦስት ጎል ሲያስቆጥር ከፊቱ የነበረው የ21 ዓመቱ አዳምስ ነው። ኤፕሪል 2 ቀን 1989 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ሁለቱንም ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው፤ አንዱን ለራሱ ቡድን፣ አንዱን በራሱ ላይ። በማግስቱ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ፎቶውን አውጥቶ ጭንቅላቱ ላይ የአህያ ጆሮ ሣለበት። አህያ የሚለው ስድብ ለእኛ አስተርጓሚ አይፈልግም። በእንግሊዝ ሜዳ ደግሞ ጉልበት እንጂ ጥበብ የሌለው ተጫዋች ማለት ነው። በየሄደበት ሜዳ ሺህ ሰው እንደ አህያ ያናፋበት ነበር፤ ካሮትም ተወርውሮበታል። በ22 ዓመቱ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ቡድን መምራት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያመኛል።

መልሱ የመጣው ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ሜይ 26 ቀን 1989፣ የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ምሽት፣ አንፊልድ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች በሞቱበት በሂልስበሮው ስታዲየም አደጋ ምክንያት የተራዘመ ጨዋታ ስለነበር የአርሰናል ተጫዋቾች አበባ ይዘው ወደ ሊቨርፑል ደጋፊዎች ቀረቡ። ሻምፒዮን ለመሆን በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረባቸው። አለን ስሚዝ በ52ኛው ደቂቃ በቴስታ አንዱን አገባ፤ መደበኛው ሰዓት አልቆ በተጨመረው ደቂቃ ማይክል ቶማስ ሁለተኛውን ደገመ። 2 ለ 0። አህያ የተባለው ልጅ የእንግሊዝን የሊግ ዋንጫ አነሳ።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ያውቃል። ዋንጫ ስንል የአሸናፊን ሽልማትም ጠጅ የሚጠጣበትንም ዕቃ ማለታችን ነው። የቶኒ አዳምስ ሕይወት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተጫዋች መጠጣቱ ጉድ አያሰኝም፤ የማይጠጣው ነበር ጉድ የሚያሰኘው። አርሰናል ውስጥ "የማክሰኞ ክለብ" የሚሉት ነበራቸው፤ ረቡዕ ዕረፍት ስለሆነ ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ተያይዘው ይሄዳሉ። የሌሊቱን መጠጥ በላብ ለማውጣት የቆሻሻ ፕላስቲክ ከረጢት ከማሊያ ስር ለብሰው ይሮጡ እንደነበር አዳምስ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ቅዳሜ ጥሩ ከተጫወተ ማን ምን ይለዋል? እኛም ዘንድ እኮ "ይጠጣል እንጂ ሥራውን ያውቃል" ይባላል። ይህች አባባል ስንቱን ባለሙያ ቀስ እያለች እንደ በላች የሚያውቅ ያውቃል።

በሜይ 1990 ሰክሮ እየነዳ ኤሴክስ ውስጥ መኪናውን ከግንብ አጋጨ። ለዚያ ዓመቱ የዓለም ዋንጫም አልተመረጠም። በዲሴምበር ፍርድ ቤቱ የአራት ወር እስራት ፈረደበትና ቼልምስፎርድ እስር ቤት ገባ። ሁለት ወር ገደማ ታስሮ በፌብሩዋሪ 1991 ሲወጣ አምበልነቱ እንደነበረ ጠበቀው፤ በሜይም ዋንጫ አነሳ። ግራሃም ልጁን ባለመጣሉ ብዙዎች ያመሰግኑታል፤ እኔም ባይጥለው ጥሩ ነው እላለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ክንዱ ላይ ከጨርቁ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት ሌላ ነገር ነበር፤ "አንተ ታመሃል፣ እናሳክምህ" የሚል ሰው። ዋንጫው ሁሉን ሸፈነው። እስር ቤት ያላስቆመውን መጠጥ ድል እንዴት ያስቆመዋል?

1993ን ብቻ ተመልከቱ። በኤፕሪል መጀመሪያ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ ቶተንሃምን 1 ለ 0 ያሸነፉት በእሱ የቴስታ ጎል ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሼፊልድ ዌንስዴይን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባውን ስቲቭ ሞሮውን በደስታ ተሸክሞ ሲያነሳው ልጁ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። በዚያው ዓመት ደግሞ ምሽት ክበብ ውስጥ ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱ 29 ቦታ ተሰፋ። አርሰናል ያን ዓመት ሁለት ዋንጫ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ኮፐንሃገን ላይ ፓርማን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ አነሱ። ከውጭ ሲታይ የሰመረለት ሰው ነበር።

የ1996ቱ የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝ ውስጥ ተካሄደ። አዳምስ በዚያ ዓመት ጉልበቱ ተቀዶ ለወራት ከሜዳ ርቆ ከርሟል፤ እንደዚያም ሆኖ የአገሩ አምበል ሆኖ ገባ። በግማሽ ፍጻሜው ጁን 26 ቀን ከጀርመን ጋር ገና በሦስተኛው ደቂቃ ፖል ጋስኮይን የመታውን የማዕዘን ምት አዳምስ በአናቱ ነክቶ አሳለፈ፤ አለን ሺረር አገባው። ጀርመን አቻ ሆነች፤ በፍጹም ቅጣት ምት ጋሬዝ ሳውዝጌት ሳተና እንግሊዝ ወደቀች። በውድድሩ ሰሞን ራሱን ገቶ የነበረው አምበል በዚያች ሌሊት ብርጭቆውን ያዘ። ሰባት ሳምንት አልለቀቀውም።

የመጨረሻዋን የጠጣው ኦገስት 16 ቀን 1996፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በእኛ ቆጠራ ነሐሴ 10 ቀን 1988 መሆኑ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ አዲሱ የውድድር ዘመን ተጀመረ፤ አርሰናል ዌስትሃምን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ አምበሉ ግን ሜዳ ላይ አልነበረም። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ማንነታቸው ሳይገለጥ፣ በየተራ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበትን ስብሰባ ጀመረ። በሴፕቴምበርም ከቡድን ጓደኞቹ ፊት ቆሞ እውነቱን ተናገረ።

ያንን ክፍል ለማየት እሞክራለሁ። ገና ላባቸው ያልደረቀ ወንዶች፣ አብዛኞቹ ማክሰኞ ማክሰኞ አብረውት የጠጡ። አጥር ሆኖ የኖረላቸው፣ በጮኸ ቁጥር የሚወጡና የሚመለሱለት ሰው፣ እጁን ያነሳው አሁን በመስመር ዳኛው በኩል አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የቡድን ጓደኛው ፖል መርሰን በቁማር፣ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ መጠመዱን ለሕዝብ ሲናገር መንገዱን ከፍቶ ነበር። የአምበሉ ግን ይለያል። የመልበሻ ክፍል ሕግ "አትድከም" ነው። ሕጉን ያስከብር የነበረው ሰው ራሱ ደክሜያለሁ ሲል ሌላው ምን ይሆናል? እንደ እኔ በ22 ዓመት ሥራው ከሠራው ሁሉ ትልቁ የአምበልነት ሥራ ይህ ነው፤ አንድም ኳስ ሳይነካ።

አዲሱ አሰልጣኝ አርሴን ዌንገር ከጃፓን የመጣው በዚያው ሰሞን፣ በኦክቶበር 1996 መግቢያ ነው። አዳምስ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥሮት ነበር፤ መነጽር ያደረገ፣ አስተማሪ የሚመስል ፈረንሳዊ ስለ እንግሊዝ ኳስ ምን ያውቃል ብሎ። ዌንገር የተቀቀለ ዶሮ፣ ዓሣና አትክልት አቀረበ፤ ቸኮሌት ከለከለ፤ ጡንቻ ማፍታታትን የየዕለት ግዴታ አደረገ፤ ልምምዱን በሰዓት ለካ። አርጅተዋል የተባሉት ተከላካዮች ዕድሜያቸው የተራዘመው በዚህ ነው። ለሌሎቹ አዲስ የሆነው ሥርዓት ለአዳምስ ግን ደራሽ ሆነለት፤ ሰውነቱን ማዳመጥ በጀመረበት ወር የሰውነትን ነገር የሚያውቅ አሰልጣኝ ተገኘ። ፒያኖ መማር ጀመረ፤ መጽሐፍ ማንበብ ያዘ። በዲሴምበር 1997 ብላክበርን ሃይበሪ ላይ 3 ለ 1 ካሸነፋቸው በኋላ ቁርጭምጭሚቱ አልሸከም ብሎት ኳስ ማቆም አሰበ። ዌንገር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ለሕክምና ላከው። በአዲሱ ዓመት ሲመለስ የተለየ ተጫዋች ነበር፤ ኳስ ሲመጣለት ከመጠለዝ ይልቅ ቀና ብሎ ያይ ጀመር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሜይ 3 ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ኒውካስልን 2 ለ 0 አሸንፈው የኤፍኤ ካፑን ጨመሩበት።

በዚያ ክረምት፣ በ31 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የዓለም ዋንጫ ተጫወተ። በዚያው ዓመት "አዲክትድ" የተባለው የሕይወት ታሪኩ ታተመ፤ ምንም ሳይደብቅ ጻፈው። በ2000 ዌምብሊ ላይ ዩክሬን ላይ ያስቆጠራት ጎል አሮጌው ስታዲየም ከመፍረሱ በፊት አንድ እንግሊዛዊ ለአገሩ ያስቆጠራት የመጨረሻዋ ሆና ቀረች። በ2002 ዳግመኛ ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን አነሳና በቃኝ አለ። ለአርሰናል 669 ጨዋታ፣ ለእንግሊዝ 66። አራት የሊግ ዋንጫ፣ በሦስት የተለያዩ አሥርት ዓመታት፣ ለአንድ ክለብ ብቻ።

አሰልጣኝነቱ አልሰመረለትም። ዊኮምብ አብሮት ወረደ፤ ፖርትስማውዝ ውስጥ ወራት ብቻ ቆየ፤ አዘርባጃን ድረስ ሄዶ ሠራ፤ በ2017 የስፔኑን ግራናዳ ይዞ ሰባት ጨዋታ ሰባቱንም ተሸነፈ። ሜዳ ውስጥ ቆሞ መስመር ማስያዝና ከዳር ቆሞ መምራት ለየቅል ናቸው፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ በ2000 ገና ተጫዋች ሳለ ያቋቋመው "ስፖርቲንግ ቻንስ" የተባለው የሕክምና ማዕከል ነው። በመጠጥ፣ በአደንዛዥ ዕፅና በቁማር የተያዙ ስፖርተኞችን ተቀብሎ ያክማል። አሁን አሁን በስልክ የሚደረግ የኳስ ቁማር እኛም ከተሞች ውስጥ ወጣቱን እንዴት እንደያዘው የምናይ ሰዎች፣ አንድ ተከላካይ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ለዚህ በር መክፈቱን በዝምታ ማለፍ የለብንም። አንድ የ20 ዓመት ተጫዋች ዛሬ ታምሜያለሁ ሲል የሚሄድበት ቦታ አለው። አዳምስ በ1990 ከእስር ቤት ሌላ የተከፈተለት በር አልነበረም።

ሃይበሪ አሁን ስታዲየም አይደለም። በ2006 ተዘጋና መኖሪያ ቤት ሆነ፤ ሜዳው የነበረበት ቦታ አትክልት ተተክሎበታል። አዲሱ ኤምሬትስ ስታዲየም ቅርብ ነው፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከከፈቱበት ከካሌዶኒያን ጎዳናም ብዙ አይርቅም። በ2011 ክለቡ ከስታዲየሙ ውጭ ሐውልቶች አቆመ። ለንደን የምትኖሩ፣ ወይም እንግዳ ሆናችሁ የምትሄዱ፣ ከሄንሪ ሐውልት ጋር ፎቶ ከተነሳችሁ በኋላ ጥቂት ተራመዱና አዳምስን ፈልጉት። የኤቨርተኑን ጎል አግብቶ እንደቆመ ነው የተቀረጸው። ደረቱ ክፍት ነው፣ አገጩ ወደ ላይ ነው። የተዘረጉት ሁለት እጆቹ ባዶ ናቸው።